የክፍያ ካርድ ኤምቦስ ማድረጊያና ማተሚያ ማሽን እንክብካቤና ካሊብሬሽን፦ ዝርዝር መመሪያ

የክፍያ ካርድ የሚያዘጋጅ ማሽን በአንድ ሽፋን ሥር ብዙ ሥራ ይሠራል። ባዶው ካርድ ከመጫኛ ሳጥኑ አንድ በአንድ እየተሳበ ይወጣል፤ በማግኔቲክ ስትራይፑ (በጀርባው ባለው የማግኔት መስመር) ላይ መረጃ ይጻፍበታል፣ በቺፑም ላይ መረጃ ይጫናል፣ ጽሑፍና ምስል ይታተምበታል፣ ከዚያም የካርዱ ቁጥርና የባለቤቱ ስም በኤምቦስ ጎልቶ ይወጣል፤ በመጨረሻ የጎሉት ፊደሎች አናት በፎይል ቀለም ይቀባል። ቅደም ተከተሉ ከማሽን ማሽን ቢለያይም ኅትመት ከኤምቦስ መቅደሙ የተለመደ ነው፤ ማተሚያው ጭንቅላት ልሙጥ ገጽ ይፈልጋልና። ካርዱ በእነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ሲያልፍ የሚመራው በጠርዞቹ ስለሆነ፣ አንዱ ጣቢያ ላይ የተፈጠረች ጥቂት መዛባት በሌላው ጣቢያ ስሕተት ሆና ትታያለች።

መመሪያው የተጻፈው ማሽኑን በየቀኑ ለሚያሠሩ ኦፕሬተሮችና ለጥገና ባለሙያዎች ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር አለ፤ ካሊብሬሽን (ለክቶ ቅንብሩን ማስተካከል) የሚጠይቅ መስሎ የሚታየው ብልሽት፣ በእኔ ልምድ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቆሻሻ ነው። ቆሻሻውን ሳያነሡ ቁጥሮችን መቀየር ስሕተቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ማሽኑ በኋላ ሲጸዳ ደግሞ ትክክል የነበረው ሁሉ ይዛባል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጸዳል፣ ቀጥሎ ይለካል፣ ማስተካከል የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው።

ለመለካት ደግሞ መነሻ ያስፈልጋል። በአይኤስኦ 7810 መስፈርት መሠረት የክፍያ ካርድ ርዝመቱ 85.60 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 53.98 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ውፍረቱ ወደላይም ወደታችም በ0.08 ሚሊሜትር ሊለያይ ይፈቀድለታል። ይህች 0.08 ሚሊሜትር ትንሽ ትምሰል እንጂ ከአንድ የካርድ ጭነት ወደ ሌላው ሲያልፉ የኤምቦስን ጥልቀት ለመቀየር ትበቃለች። በመሆኑም አዲስ ካርቶን ሲከፈት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አምስት አምስት ካርድ አንሥቶ በማይክሮሜትር መለካትና ውጤቱን መጻፍ የመጀመሪያው የካሊብሬሽን ሥራ ነው እላለሁ። ካርዶቹም ከመጋዘን እንደወጡ ወደ ማሽኑ መግባት የለባቸውም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪላመዱ አንድ ቀን ቢያድሩ ይመረጣል። ካርዱ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ፣ ቀዝቃዛ ሳለ በፓንች (ፊደሉን በሚመታው ብረት) ሲመታ በፊደሉ ጥግ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት

ይህ ማሽን ከሌላ ማተሚያ የሚለየው በውስጡ የሰዎች የክፍያ መረጃ ስለሚያልፍ ነው። የተጠቀሙበት ጥቁር ሪበን (የማተሚያ ቀለም ጥብጣብ) በብርሃን ፊት ቢዘረጋ የታተመው ቁጥር በግልጽ ይነበባል፤ ያለፈ የፎይል ጥቅልም የእያንዳንዱን አኃዝ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ጥገና ከመጀመሩ በፊት በማሽኑ ውስጥ ያሉ ካርዶች በሙሉ፣ የተበላሹት ጭምር፣ ይውጡ፤ ሁለት ሰዎች ባሉበት ይቆጠሩ፣ ቁጥሩም ከሥራ ትእዛዙ ጋር ይመሳከር። ያገለገለ ሪበንና ፎይል ከተራ ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል፣ ተቆራርጦ እስኪወገድ ድረስ በሚቆለፍ ዕቃ ይቀመጥ። ለሙከራ የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በሁሉም ዘንድ የታወቀው የሙከራ ቁጥር 4111 1111 1111 1111 አለ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ለኤምቦስ ሙከራ ብቻውን አይበቃም፤ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ሁሉ የያዘ ሌላ የሙከራ ፋይል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ከታች እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ የነበረውን ቅንብር በሙሉ መዝግበው ይያዙ። ሶፍትዌሩ ቅንብሩን በፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ያስቀምጡት፤ ካልሆነ እያንዳንዱን ገጽ በወረቀት ይገልብጡ። ከዚህ በኋላ ማሽኑን በራሱ ማጥፊያ ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የፎይል ማሞቂያው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ማሞቂያው ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ቆዳ ያቃጥላል፤ መቀዝቀዙን በጊዜ እንጂ በእጅ አይፈትሹ። የኤምቦስ ጎማው ኃይል ያለው ሞተር ስላለበት ሽፋኑ ተከፍቶ ሳለ የመከለያውን ስዊች አታልሎ ማሽኑን ማስነሣት ጣት ያስቆርጣል። የማተሚያ ጭንቅላቱና የቺፕ መጫኛው በስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚጎዱ ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ የእጅ አንጓ ማሰሪያ ማድረግ ግዴታ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፦ ክር የማይተው ጨርቅ፣ ጫፉ ስፖንጅ የሆነ መጥረጊያ፣ ንጽሕናው ከፍ ያለ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የማጽጃ ካርድ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ትንሽ ቫኪዩም፣ ዲጂታል ካሊፐር፣ ማይክሮሜትር፣ ማጉሊያ መነጽርና ጫፉ ማግኔት ያልሆነ ካቻቢቴ። በተጨመቀ አየር መንፋት ብዙ ባለሙያ ይወዳል፤ እኔ አልመክርም። አየሩ ብናኙን ከማውጣት ይልቅ ወደ ኩሽኔታና ወደ ሴንሰር ውስጥ ይገፋዋል። በቫኪዩም መሳብ ጊዜ ቢወስድም ቆሻሻው ከማሽኑ መውጣቱ እርግጥ ነው።

ጽዳት፦ ካርዱ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ

ጽዳቱን ካርዱ ከሚገባበት ይጀምሩና በሚወጣበት ይጨርሱ፤ እንዲህ ሲደረግ የሚዘነጋ ቦታ አይኖርም፣ የጸዳውም ተመልሶ አይቆሽሽም።

በመጫኛ ሳጥኑ ያለው መልቀሚያ ሮለር ሲቆሽሽ ካርድ ይስታል ወይም ሁለት ካርድ አንድ ላይ ይጎትታል። ጨርቁን በአልኮል አርሰው፣ ሮለሩን በጣት ቀስ እያሉ እያዞሩ፣ ጨርቁ ጥቁር ምልክት ማሳየት እስኪያቆም ድረስ ይጥረጉ። ከተጠረገ በኋላም የሚያብለጨልጭና በጥፍር ሲጫኑት ደረቅ የሆነ ጎማ ዕድሜውን ጨርሷልና ይቀየር። ሁለት ካርድ የሚጎተትበት ሌላው ምክንያት የመውጫው ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ አንድ ካርድ በነፃነት የሚያሳልፍ፣ ሁለተኛውን ግን የሚያግድ መሆን አለበት። ለዚህ ከካርዱ ጭነት የተወሰደ ካርድ ራሱ ጥሩ መለኪያ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚገኘው ተለጣፊ ሮለር ከካርዱ ላይ ብናኝ የሚያነሣ ነው። ይህን ብዙዎች የሚቀይሩት በኅትመቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ በኋላ ነው፤ ነገር ግን ነጠብጣቡ የታየው ካርድ ተበላሽቷል። ሮለሩን ሪበን በተቀየረ ቁጥር መቀየር ወይም እንደ ዓይነቱ ማጠብ ይሻላል። የማጓጓዣ ሮለሮቹን ለማጽዳት የማጽጃ ካርድ ሁለት ጊዜ ያሳልፉ፤ ሁለተኛው ዙር ካርዱ ተገልብጦ ይሁን። የማጽጃ ካርድ የማይደርስባቸውን ጥጎች በስፖንጅ መጥረጊያ ይድረሱባቸው። በመንገዱ ላይ ያሉት ሴንሰሮች በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጽዱ።

ቅባትን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። የማሽኑ መመሪያ ካዘዘው ቦታና ካዘዘው ዓይነት ውጭ ምንም ቅባት አይጨምሩ። ዘንግ ሲጮኽ የሚረጭ ዘይት መንፋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዘይቱ ከፒቪሲ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሊጥ ይሆንና መንቀሳቀሻውን ከበፊቱ የባሰ ያንቀዋል፣ ወደ ሮለርም ከደረሰ ካርድ ያንሸራትታል። በደረቅ እንዲሠሩ የተሠሩ ዘንጎችና ኩሽኔታዎች በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃቸዋል። ቺንጊያዎቹን ሲያዩ ጥርሳቸው መበላቱን፣ ጠርዛቸው መፈተሉን፣ በጣት ሲጫኗቸውም መላላታቸውን ይመልከቱ፤ የላላ ቺንጊያ የኤምቦስ መስመር እንዴት እንደሚያዛባ ቀጥሎ ይታያል።

የኤምቦስ ክፍሉ

የዚህ ማሽን ልብ እዚህ ነው፤ በጥገና ጊዜ ብዙ ሰዓት የሚወስደውም እርሱ ነው። ሁለት ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ትይዩ ሆነው ይዞራሉ። ባንዱ ላይ ወንዴዎቹ ፓንቾች፣ በሌላው ላይ ሴቴዎቹ ዳዮች በክብ ተደርድረዋል፤ ካርዱ በሁለቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ይገባል። የሚፈለገው ፊደል ከመምቻው ትይዩ ሲደርስ ፓንቹ ከካርዱ ጀርባ፣ ዳዩ ከፊቱ ይገናኛሉ፤ ፕላስቲኩም ወደ ፊት ይጎላል። ካርዱን ገልብጠው በጀርባው ቢያዩት እያንዳንዱ አኃዝ ተገላቢጦሽ ሆኖ የተጎደጎደው ለዚህ ነው። በመፈረሚያው ቦታ ላይ የሚሰፍሩት የደኅንነት አኃዞች ግን ጠፍጣፋ ሆነው በቀለም ሪበን ላይ የሚጫኑ ናቸው፤ የእነርሱ የጫና ቅንብር ከኤምቦሱ የተለየ ነውና ሁለቱ አይደባለቁ።

በየምቱ ከካርዱ ጥቃቅን የፒቪሲ ፍርፋሪ ይረግፋል። ሽፋኑ ሲከፈት ከጎማው ሥር እንደ ዱቄት የተከመረው ነጭ ነገር እርሱ ነው። በቫኪዩም ከሳቡት በኋላ ጎማውን በእጅ በማዞሪያው ብቻ እያዞሩ እያንዳንዱን ፓንች በማጉሊያ ይመልከቱ። ጤነኛ ፓንች ጠርዙ ጥርት ያለ፣ በሞላው (በስፕሪንጉ) ወደ ቦታው ፈጥኖ የሚመለስ ነው። በዳዩ ጎድጓዳ ውስጥ ፍርፋሪ ከተጠቀጠቀ ፊደሉ በዚያ ቦታ አይሞላም፤ በ8 ቁጥር ዳይ ግራ በኩል የተቀረቀረ ቅንጣት 8ን ከሩቅ ለሚያየው 3 አስመስሎ ያወጣል። ቅንጣቱን በእንጨት ጥርስ መጎርጎሪያ ያውጡ እንጂ በብረት መርፌ አይሞክሩ፤ ዳዩ ከተጫረ ጭረቱ በሚመጣው ካርድ ሁሉ ላይ ይታተማል። የካርዶቹ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት አኃዞች ስለሆነ አንዳንድ ፓንቾች ከሌሎቹ እጅግ ቀድመው ያልቃሉ። የሙከራው ፋይል ሁሉንም አኃዝ መያዝ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ፓንችና ዳይ ሲቀየሩም ጥንድ ሆነው ይቀየሩ።

የጎላውን ፊደል ቁመት ለመለካት በመጀመሪያ ምንም ያልጎላበትን የካርዱን ቦታ በማይክሮሜትር ይለኩ፤ ከዚያ ፊደሉ ያለበትን ይለኩና የመጀመሪያውን ይቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት የሚያንስ ሊሆን ይገባል፤ ትክክለኛውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ገደብ ካርዱን ካዘዘው የክፍያ ድርጅት መስፈርት ይውሰዱ። አንድን አኃዝ ብቻ ለክቶ መወሰን አያስተማምንም። 1 ቁጥር ጠባብ ስለሆነ በትንሽ ኃይል ይወጣል፤ 8 ወይም 0 ግን ብዙ ፕላስቲክ ስለሚያንቀሳቅሱ በዚያው ኃይል ያንሳሉ። ብዙ ማሽኖች የእያንዳንዱን ፊደል ኃይል ለየብቻ እንዲቀየር የሚፈቅዱት ስለዚህ ነው። መጀመሪያ አጠቃላዩን ቅንብር ይጠቀሙና አብዛኞቹን አኃዞች ወደ ገደቡ ያግቡ፤ ተለይተው የቀሩትን ብቻ በኋላ በየግላቸው ያርሙ።

ጥልቀቱ ከልክ ማለፉን ከመለኪያው በፊት ዓይን ይነግርዎታል። ካርዱን ወደ መብራት አዘንብለው በ4 ቁጥር ጥግና በ7 ቁጥር መታጠፊያ ላይ ያተኩሩ፤ እዚያ ቀጭን ነጭ መስመር ካዩ ፕላስቲኩ ሊሰነጠቅ ደርሷል። በአውራ ጣት ጥፍር በጀርባው ሲዳስሱት ጠርዙ የሚቆርጥ ከሆነ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ከልክ ያለፈ ጥልቀት ካርዱንም ያጎብጠዋል፤ የጎበጠ ካርድ በሚቀጥለው ጣቢያ ፎይሉን ያዛባል፣ በክፍያ ማሽን ውስጥም ማግኔቲክ ስትራይፑ ከማንበቢያው ይርቃል። ስለዚህ ኃይሉን ሲጨምሩ በማሽኑ ትንሹ መጠን አንድ እርምጃ፣ ሦስት ካርድ፣ ልኬት፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ እያሉ ይሂዱ።

የቁጥሩን መስመር ማስተካከል

የካርድ ቁጥር የሚጻፈው ፋሪንግተን 7ቢ በሚባለው የአኃዝ ቅርጽ ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 7 አኃዝ ይሰፍራል፤ ከአንዱ አኃዝ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 3.63 ሚሊሜትር ነው። ስምና ሌላ ጽሑፍ በኢንች 10 ፊደል ስለሚሰፍር ርቀቱ 2.54 ሚሊሜትር ይሆናል። ከካርዱ ታችኛ ጠርዝ እስከ ቁጥሩ መስመር መሐል ያለው ርቀት ደግሞ 21.42 ሚሊሜትር ነው።

በአንዲት 3.63 ላይ የሚገኘውን ስሕተት በካሊፐር ለመያዝ አስቸጋሪ ነው። ቀላሉ ዘዴ መስመሩን በሙሉ መለካት ነው። 16 አኃዝ ያለው ቁጥር በአራት በአራት ሲከፈል ሦስት ክፍት ቦታዎች ይጨመሩበታል፤ ከመጀመሪያው አኃዝ እስከ መጨረሻው 18 እርምጃ ይሆናል፣ ርቀቱም ወደ 65.3 ሚሊሜትር ይደርሳል። ለዚህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አኃዝ አንድ ዓይነት የሆነበትን የሙከራ ቁጥር ይምረጡ፤ ያን ጊዜ ከግራ ጠርዝ እስከ ግራ ጠርዝ በመለካት መሐሉን የመገመት ችግር ይቀራል።

ከልኬቱ በኋላ ስሕተቱ ከሦስት በአንዱ መልክ ይመጣል። ሁሉም አኃዞች በእኩል መጠን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄዱ መነሻው ነጥብ ተዛውሯል፤ በሶፍትዌሩ የመነሻ ቅንብር ይታረማል። የመጀመሪያው አኃዝ በቦታው ሆኖ የመጨረሻው ከራቀ ወይም ከቀረበ ጉዳዩ የእርምጃው መጠን ነው፤ ቅንብሩን ከመንካትዎ በፊት ቺንጊያውን ይመልከቱ፣ የላላ ወይም ጥርሱ የተበላ ቺንጊያ ይህን ስሕተት ያመጣልና። የመጀመሪያው አኃዝ ከታችኛው ጠርዝ ያለው ርቀትና የመጨረሻው ያለው ርቀት ከተለያዩ ደግሞ መስመሩ ዘንብሏል፤ ይህ ካርዱ በመያዣው ውስጥ ቀጥ ብሎ አለመቀመጡን ያሳያልና በሶፍትዌር አይታረም።

ይህን ሦስተኛውን የተማርኩት በብዙ ድካም ነው። በሠራሁበት አንድ የካርድ ማዘጋጃ ክፍል የቁጥሩ መስመር ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ላይ ይነሣ ነበር። ከባልደረባዬ ጋር የቁመቱን መነሻ ስንቀንስ የቀኙ ይስተካከልና የግራው ይወርዳል፤ ስንጨምር ተቃራኒው ይሆናል። የሥራ ቀኑ ሊያልቅ ሲል መያዣውን በሁለት ብሎን ፈትተን ስናወርድ፣ ካርዱ በሚደገፍበት ጠርዝ ጥግ ላይ በተደጋጋሚ ተጭኖ እንደ ድንጋይ የጠነከረች የፒቪሲ ፍርፋሪ አገኘን፤ ከምስር ፍሬ ታንሳለች። እርስዋን በእንጨት ፈልቅቀን ስናወጣ መስመሩ ወዲያው ቀና፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የቀየርናቸውን ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ ነበረብን፤ የመጀመሪያውን ቅንብር ስላልመዘገብን ይህ ሌላ ግማሽ ቀን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ መያዣውን ሳልፈታና ጥጉን በጣት ሳልዳስስ የቦታ ቅንብር አልነካም።

ኤምቦሱ በቺፑ ላይም ሆነ በማግኔቲክ ስትራይፑ ላይ ፈጽሞ ማረፍ እንደሌለበት ግልጽ ነው። ስለዚህ አዲስ የካርድ ንድፍ ሲመጣ፣ ማሽኑ በትክክል ቢሠራም እንኳ፣ የመጀመሪያው ካርድ ከንድፉ ጋር ይመሳከር።

የፎይል ቀለም

የፎይሉን ሙቀት ማስተካከል የሚገባው የኤምቦስ ቁመት ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ዝቅ ያለ ፊደል ቀለም እንዲይዝ ሙቀቱ ይጨመራል፤ በኋላ ፊደሉ ከፍ ሲል ያው ሙቀት ቀለሙን ያቀልጠዋል።

ማሞቂያው ፎይሉን በጎሉት ፊደሎች አናት ላይ ይጫናል፤ ቀለሙ በሙቀት ተላቅቆ ይጣበቃል። ውጤቱን የሚወስኑት ሙቀት፣ ጫናና የመጫኛው ጊዜ ናቸው። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይቀይሩ። የአንዳንድ አኃዞች አናት ብቻ ባዶ ከቀረ ወደ ኤምቦሱ ይመለሱ፤ የሁሉም አናት እንደተሸረሸረ ከታየ ሙቀቱ አንሷል። በአኃዞቹ መካከል ባለው ልሙጥ ገጽ ላይ የወርቅ ወይም የብር ጭጋግ ካረፈ ሙቀቱ ወይም ጫናው በዝቷል፣ አለዚያም ካርዱ ጎብጧል። ጭጋጉ በካርዱ አንድ ዳር ብቻ ከሆነ መጫኛው ሰሌዳ ዘንብሏል ወይም በላዩ የፎይል ቅሪት ተጋግሯል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በአልኮል ይጠረግ። ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ብቻ እየቀየሩ፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ማሞቂያው እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። የመጣበቁን ጥንካሬ ለማየት ካርዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት፤ ቀለሙ ከፕላስተሩ ጋር መውጣት የለበትም።

የኅትመት ክፍሉ

የማተሚያ ጭንቅላቱ ከማሽኑ ክፍሎች ሁሉ በቀላሉ የሚጎዳው ነው። በቀጭን መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ማሞቂያ ነጥቦች አሉት፤ በተለመደው ጥራት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው፣ ይህም በሚሊሜትር 12 ገደማ ማለት ነው። በጣት ከተነካ ላብና ቅባት ይቀርበታል፤ ጠንካራ ብናኝ ያለበት ካርድ ካለፈበትም ይጫራል። ሲያጸዱት ጭንቅላቱ ቀዝቃዛ ይሁን፤ በአልኮል የራሰውን ስፖንጅ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎትቱ፣ ከመዝጋትዎ በፊትም አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

በኅትመቱ ላይ ካርዱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ከወጣ ወይ ቆሻሻ ነው ወይ የሞተ ነጥብ። ለመለየት ጭንቅላቱን ያጽዱ፣ ሙሉ ጥቁር የሆነ ካርድ ያትሙ፣ የመስመሩን ርቀት ከጠርዙ በካሊፐር ይለኩ። ከሁለት ጽዳት በኋላም በዚያው ርቀት ላይ ከተገኘ ነጥቡ ሞቷልና ጭንቅላቱ ይቀየራል። አዲሱ ጭንቅላት ሲገጠም በላዩ የተጻፈውን የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ቁጥር ወደ ማሽኑ ማስገባት አይርሱ፣ ማሽኑ ራሱ የማያነበው ከሆነ። ይህ ቁጥር ካልገባ ኅትመቱ ይደበዝዛል ወይም ሪበኑ ይቃጠላል። ሰያፍ ሆነው የሚወጡ መስመሮች ግን ከጭንቅላቱ አይደሉም፤ ሪበኑ ተጨማዶ ስለሚያልፍ የሚፈጠሩ ናቸው፣ የሪበኑ ውጥረት ወይም የሙቀቱ መጠን ይስተካከላል።

ቦታውን ለማስተካከል ከጠርዞቹ እኩል ርቀት ላይ ቀጭን ክፈፍ ያለው የሙከራ ምስል ያትሙና አራቱንም ዳር ይለኩ። ግራው 2.5 ቀኙ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ምስሉ በግማሽ ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ሄዷል፤ በ300 ነጥብ ጥራት ይህ 6 ነጥብ ያህል ነው፣ መነሻውን በዚያው ልክ ወደ ግራ ይመልሱ። በባለ ቀለም ሪበን ቢጫው፣ ቀዩና ሰማያዊው ለየብቻ ስለሚታተሙ ሦስቱ ካልተደራረቡ በፊደል ጠርዝ ላይ የቀለም ጥላ ይታያል። መነሻው ብዙውን ጊዜ ካርዱን ወደ ኋላ የሚመልሰው ሮለር መንሸራተቱ ነውና ከቅንብሩ በፊት ሮለሩ ይታይ።

ማግኔቲክ ስትራይፕና ቺፕ

የመጻፊያው ጭንቅላት በአልኮል ይጠረግና ይድረቅ። በስትራይፑ ላይ ካሉት የመረጃ መስመሮች (ትራኮች) ትራክ 1 በኢንች 210 ቢት፣ ትራክ 2 ደግሞ 75 ቢት ይይዛሉ፤ በትራክ 1 እስከ 79፣ በትራክ 2 እስከ 40 ምልክት ይገባል። ቢቶቹ በእኩል ርቀት የሚጻፉት ማሽኑ የካርዱን ፍጥነት በትክክል ሲያውቅ ነው፤ ፍጥነቱን የሚቆጥረው ሮለር ቆሽሾ ከተንሸራተተ ቢቶቹ ይጠጋጋሉ ወይም ይራራቃሉ። የዚህ ምልክቱ ካርዱ በራሱ ማሽን ተነብቦ በሌላ ማንበቢያ አልፎ አልፎ መሳቱ ነው። ስለዚህ ሙከራው ሁልጊዜ በውጭ ማንበቢያ ይደገም።

ካርዱ ሃይኮ (ስትራይፑ ለመጻፍ ጠንካራ የማግኔት ኃይል የሚፈልግ) ሆኖ ማሽኑ ለሎኮ (ደካማ ኃይል ለሚበቃው) ከተዘጋጀ ጽሑፉ ደካማ ይሆናል፤ በአዲስ የካርድ ጭነት የመጻፍ ስሕተት በድንገት ከበዛ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው ቅንብር ነው። ጭንቅላቱ ላይ በማጉሊያ የሚታይ ቦይ ከተቆፈረ ደግሞ ጽዳት አያድነውም።

የቺፕ መጫኛው ሥራ አጭር ነው። የመገናኛ መርፌዎቹ ቀጥ ያሉና ሲጫኗቸው እኩል የሚመለሱ መሆናቸውን ይዩ፣ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ከዚያ በሙከራ ካርድ ቺፑ ሲነሣ የሚሰጠውን መልስ ማሽኑ መቀበሉን አሥር ጊዜ ያረጋግጡ። ከአሥሩ አንዴ ከሳተ ካርዱን አውጥተው በቺፑ ወርቃማ ገጽ ላይ መርፌዎቹ የተዉትን ጭረት በማጉሊያ ይመልከቱ፤ ጭረቱ ወደ አንዱ ክፍል ድንበር ተጠግቶ ከሆነ የካርዱ ማቆሚያ ይስተካከል።

የመጨረሻው ሙከራና መዝገቡ

የማሽኑ ሽፋን ከተዘጋ በኋላ ወዲያው የወጣው ካርድ ማስረጃ አይሆንም። ማሞቂያውና ሞተሮቹ ሲሞቁ ልኬቱ ጥቂት ስለሚለዋወጥ 20 የሙከራ ካርድ በተከታታይ ያውጡና 1ኛውን፣ 10ኛውንና 20ኛውን ይለኩ። የኤምቦስ ቁመት በሁሉም አኃዞች፣ የቁጥሩ መስመር ርዝመት፣ ከታችኛው ጠርዝ ያለው ርቀት በሁለቱ ጫፎች፣ የኅትመቱ ክፈፍ፣ የትራኮቹ ንባብና የቺፑ መልስ ይመዘገቡ። ካርዱን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው መጉበጡንም ይመልከቱ፤ ኤምቦስ ላልተደረገበት ካርድ መስፈርቱ የሚፈቅደው ከፍታ 1.5 ሚሊሜትር ነውና፣ ባዶው ካርድ ራሱ ከዚህ ካለፈ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አይፈልጉ። በ1ኛውና በ20ኛው መካከል ልኬቱ በአንድ አቅጣጫ እየሄደ ከሆነ የላላ ብሎን ወይም ያልረጋ ሙቀት አለ ማለት ነውና ማሽኑ ወደ ሥራ አይመለስ።

በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ማሽኑ እስከዚያ ያወጣው የካርድ ብዛት፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበረው ቅንብር፣ ካርዶቹ የመጡበት ጭነትና የባለሙያው ፊርማ ይስፈር። የካርዱን ብዛት የምጠይቀው ፓንችና ሮለር የሚያልቁት በቀን ሳይሆን ባሳለፉት ካርድ ስለሆነ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ የ4 ቁጥር ፓንች ከስንት ካርድ በኋላ እንደሚደክም ከራስዎ መዝገብ ያነባሉ፣ ከመበላሸቱም በፊት መለዋወጫውን ያዝዛሉ። 1ኛው፣ 10ኛውና 20ኛው የሙከራ ካርዶች ልኬታቸው ከተጻፈ በኋላ ከቀሩት ጋር ይቆጠሩ፤ 20 መሆናቸውን ሁለቱ ሰዎች ካረጋገጡ በኋላ ከሪበኑና ከፎይሉ ጋር ወደ መቁረጫው ይግቡ፣ የመዝገቡም የመጨረሻ መስመር በሁለቱ ፊርማ ይዘጋ።